እጁን ቁርጥማት አይንካው! የካምፒንግ መኪናችንን መሳቢያዎች ለሠራልን አናጺ

ካምፒንግ መኪናችሁ ውስጥ ተስቦ የሚወጣ የዕቃ መሳቢያ ማሠራት የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከማቃጠላችሁ በፊት ይህን ሰው አግኙት።

እኛ አስቀድመን ሌላ ጋ አሠርተን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሥራው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ለቁም ሳጥን የሚሆን ቀጭን ስላይድ (መሳቢያው የሚንሸራተትበት የብረት ሐዲድ) አንድ ሜትር በሚረዝም ከባድ መሳቢያ ላይ ገጠሙበት። ስላይዱ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመሳቢያው ሳጥን ከሚገባበት የፍሬም ክፍተት በ25 ሚሊሜትር ግድም መጥበብ ነበረበት። እነሱ የተዉት 22 ብቻ ነው። መሳቢያው ገና ባዶውን ይነክስ፣ ማለትም እየያዘ አልንሸራተት ይል ነበር። መቆለፊያም ስለሌለው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የኋላውን በር ይደበድባል። ፍሬሙን ደግሞ ከወለሉ እንጨት ጋር ብቻ ነበር ያሰሩት፤ ወዲያው ላላ። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «መንገዱ ነው ያበላሸው» የሚል ነው።

ይህኛው አናጺ ሜትሩን ሳያወጣ በፊት «ምን ትጭኑበታላችሁ? ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለ። ምድጃውም፣ ውሃውም፣ መፍቻውም ተመዘነ፤ ለአንዱ መሳቢያ 60 ኪሎ ደረሰ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚችል፣ ሲዘጋም ሲከፈትም የሚቆልፍ ስላይድ መረጠ። ይህ ስላይድ 19 ሚሊሜትር ስለሚወፍር ሳጥኑን ከክፍተቱ በ38 ሚሊሜትር አጠበበው። ስላይድ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ለጥንዱ እንደሆነና ጎን ላይ ቆሞ ሲገጠም ብቻ እንደሚሠራ፣ በጀርባው ከተኛ አቅሙ ክፉኛ እንደሚወርድም አስረዳን። ፍሬሙን በ18፣ ሳጥኑን በ12 ሚሊሜትር ፕላይውድ ሠራው። የሳጥኑን ወለል ባለ 9 ሚሊሜትሩን ከሥር አልመታውም፤ ጎኖቹ ውስጥ ቦይ አውጥቶ ሰካው፤ ከሥር የተመታ ወለል ክብደት ሲበዛበት ይነቀላልና። የፕላይውድ ጠርዝ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ እያንዳንዱን ብሎን ከማስገባቱ በፊት ይሰረስርለታል።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ለዚህች ነው። ፍሬሙ ተጣብቆ አለቀ ሲባል ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካው፤ እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለቱ ልኬቶች በ4 ሚሊሜትር ተለያዩ። ማንም አላየበትም፣ ማንም አልጠየቀውም። «ስላይዶቹ ትይዩ ካልሆኑ መጨረሻው ላይ ይነክሳል» ብሎ ኮላው ሳይደርቅ ፈታው፤ እንደገና ገጠመው። የመኪናው ግድግዳ ቀጥ ያለ ስላልሆነም ሳጥኑን ለግድግዳው አላጣመመም፤ ፍሬሙን ትክክለኛ ማዕዘን አስጠብቆ ሠርቶ ክፍተቱን በቁራጭ እንጨት ሞላው። ተባረክ ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለ ያብዛልን!

ከወለሉ ጋር ሲያስር ደግሞ መጀመሪያ መኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅ ጋኑን፣ የፍሬን ቱቦውንና ሽቦውን አየ። ከዚያ ላሜራውን በስቶ፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይላላ ዳዶ ከሥር አጠበቀው፤ የተበሳውንም እንዳይዝግ ቀባው። የፕላይውዱን ጠርዝ ሁሉ ቫርኒሽ አጠጣው፣ መሳቢያው የሚያርፍበት ላይ ጎማ ለጠፈ። አሁን ኮረኮንች ላይ ድምፁ አይሰማም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በደስታ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ግን መኪናውን ባዶ አድርጉ፣ የምትጭኑትንም መዝኑ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።