ደሴ ላለችው የስኳር ክትትል ሲስተር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ውስጥ በስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች። ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም፤ አከብርላታለሁ፤ ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኛ መድኃኒት ቤት ያለን ሰዎች ከእሷ የሚመጣውን ታካሚ ማዘዣውን ሲሰጠን እንለየዋለን፤ ምን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚወስድ ያውቃል።

«ገባዎት?» ብላ አትጠይቅም። «እስቲ አባባ፣ ኢንሱሊኑን እዚሁ ቀድተው ያሳዩኝ» ነው የምትለው። ስህተቱ ያኔ ይወጣል። በአብዛኛው የ1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ናት፤ በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ ግን 1 ዩኒት። ከግማሹ ወደ ትልቁ የተቀየረለት ሰው እንደለመደው 20 መስመር ቆጥሮ ከቀዳ 40 ዩኒት ይወጋል፤ ስኳሩ ወርዶ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። እሷ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ቁጥሩን በጣቱ ታስነካዋለች። ማንበብ ለማይችል ደግሞ የሚቀዳበትን መስመር በቀለም ታሰምርለትና ሲሪንጁ ሲቀየር ሳይጠቀም መጥቶ እንዲያሳያት ታስጠነቅቀዋለች።

ደመናማው፣ ማለትም ነጣ ብሎ የደፈረሰው ኢንሱሊን ሲቀዳም እንዲሁ። ብልቃጡ በመዳፍ መሃል 10 ጊዜ ያህል ይንከባለላል፣ 10 ጊዜ ይገለበጣል፤ በኃይል አይናጥም፣ አረፋው መጠኑን ያጎድላል። ሳይንከባለል ከተቀዳ መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ አንድ ቀን ይደክማል፣ ሌላ ቀን ይበረታል። ሁለት ዓይነት በአንድ ሲሪንጅ የሚቀላቅል ጥርት ያለውን መጀመሪያ፣ ደመናማውን ቀጥሎ ይቅዳ።

ከሁሉ የማደንቅላት ግን ይሄን ነው፦ ስኳር አልወርድ ሲል መጠን ይጨመር ከመባሉ በፊት የሚወጋበትን ቦታ በጣቷ ትዳስሳለች። አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ቆዳው ይደድራል፤ እዚያ መርፌው ስለማያም ሰው ይወደዋል፤ ኢንሱሊኑ ግን እንደ ልቡ አይሰርግም። ወደ ጤነኛው ቆዳ ሲዛወር ያው መጠን ሊበዛበት ስለሚችል ሐኪሙ እንዲያየው ታደርጋለች። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

ለከሚሴ፣ ለባቲና ለኮምቦልቻ ሰዎች ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡ በፌስታል ታስሮ፣ በውኃ በራሰ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። የተከፈተው ከ4 ሳምንት አይለፍ። በረዶ ቤት ገብቶ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይረባም።

ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ሆዴን አወከኝ ብሎ የሚተው ብዙ ነው። ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ በ500 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ሐኪሙ እንዳዘዘው ቀስ እያለ ሲጨመር ሆድ ይለምደዋል። ግሊቤንክላማይድ የተባለው ሌላው የስኳር ኪኒን ደግሞ ተውጦ ምግብ ከቀረ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ቢያልባችሁ፣ ቢያንቀጠቅጣችሁ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ቢያሳይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት፤ ከዚያ ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሮጥ።

ሮመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ «ተው» ብላ አታባርርም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ኑ ትላለች፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ይስተካከላል። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ጾሙ ይፈታል። ፀበል የሚሄደውንም መርፌህን ይዘህ ሂድ ነው የምትለው። ደሴ ብርድ ናት፤ በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ከሰል ምድጃ ላይ እግሩን ሲያሞቅ ይቃጠላል፣ አይሰማውም። ለዚህ ነው በየቀጠሮው ካልሲ የምታስወልቀው።

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ፤ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ክፍሉን እጠቁማችኋለሁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ፣ የምትጠቀሙበትን ሲሪንጅና የልኬት ደብተራችሁን ያዙ። በባዶ ሆድ ኑ ከተባላችሁ ኢንሱሊናችሁንና ቁርሳችሁን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረፋው ሊረዝም ይችላል።