አምስት ኪሎ ላሉት መጽሐፍ ሻጭ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት መስኮችና ሞገዶች የሚያስተምረው ኤሌክትሮማግኔቲክስ የሚባለው ኮርስ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያለፈበት ያውቀዋል። እኔ ዘንድሮ በሰላም የተወጣሁት አንድም በመምህሬ ትጋት፣ አንድም አምስት ኪሎ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጡ አባት ምክር ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ ተማሪው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ውለታቸውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት ብዙ ሰው የሚያወድሰውን የግሪፊትስን የኤሌክትሮዳይናሚክስ መጽሐፍ ልገዛ ነበር። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ጠቅልሎ ይሰጠኝ ነበር። ጋሼ ግን መጀመሪያ ጠየቁኝ፦ «የየትኛው ክፍል ተማሪ ነሽ ልጄ? የኮርሱን ዝርዝር ይዘሻል?»

ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡና ጣታቸውን በዝርዝሩ ታችኛ ክፍል ላይ አሳረፉ፦ ትራንስሚሽን ላይን (ሞገድ የሚያጓጉዝ ኬብል)፣ ስሚዝ ቻርት (የኬብል ስሌት በክቦች የሚሠራበት ሰንጠረዥ)፣ ዌቭጋይድ (ሞገድ የሚመራ ቱቦ)፣ አንቴና። ከዚያ ግሪፊትስን አውርደው ሰጡኝና «እስኪ ስሚዝ ቻርትን ፈልጊልኝ» አሉ። ከፊት እስከ ኋላ ብፈልግ የለም።

መጽሐፉን ግን አላጣጣሉትም። የኤሌክትሪክና የማግኔት መሠረታዊ ሕጎች የሆኑት የማክስዌል እኩልታዎች ከየት እንደመጡ በግልጽ የሚያስረዳ፣ መጨረሻው ላይም ከአንስታይን አንጻራዊነት ጋር የሚያገናኛቸው፣ ለፊዚክስ ተማሪ የተጻፈ ድንቅ መጽሐፍ ነው አሉኝ። «የአንቺ ፈተና ግን ግማሹ ኬብልና ሞገድ ነው» ሲሉ ነገሩ ገባኝ። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የማይክሮዌቭ መገናኛ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ ስለ ኬብል ሲናገሩ ከሥራ ያገኙት እውቀት መሆኑ ያስታውቃል።

ቀጥለው ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጉልኝ፦ የሳዲኩን፣ የሄይትን እና የኡላቢን። አንድ ጥያቄም ሰጡኝ። 50 ኦም በሆነ ኬብል ጫፍ ላይ 100 ኦም ጭነት (ኃይሉን የሚቀበል ዕቃ) ቢገጠም ከሚሄደው ሞገድ ምን ያህሉ ተመልሶ ይመጣል? «በሦስቱም ውስጥ ስለዚህ የሚያወራውን ገጽ አንብቢ፤ መልሱን አስልተሽ የምትነግሪኝ ያነበብሽው ሲገባሽ ነው። የገባሽን ግዢ።» እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። የቮልቴጁ አንድ ሦስተኛ ይመለሳል፤ ኃይሉን ካሰብን ደግሞ አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው። ደንበኛ ሲመጣና ሲሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አላጣደፉኝም።

የመረጥኩት ሳዲኩን ነው። ከእያንዳንዱ የተሠራ ምሳሌ ቀጥሎ መልሱ የተጻፈለት መለማመጃ አለ፤ ብቻውን ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች በሙሉ ቬክተር ስለሆኑ የካልኩለስ እውቀቱ ለደከመበት ተማሪም ይስማማል። ደራሲው ናይጄሪያ ውስጥ የተወለደ አፍሪካዊ መሆኑን የነገሩኝም ጋሼ ናቸው፤ ስሰማው ኩራት ተሰማኝ። ኡላቢ ከቬክተር በፊት በትራንስሚሽን ላይን ይጀምራል፤ ሰርኪዩት በደንብ ለገባው ሰው ጥሩ መግቢያ ነው። ሄይት ከ1958 ጀምሮ ሲታተም የኖረ፣ ቁጥብና ጥርት ያለ መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ስለ ምልክቶች የነገሩኝ ነው። ሲሊንደራዊ ኮኦርዲኔት (ቦታን በሲሊንደር ቅርጽ የሚለካ ዘዴ) ላይ ከዘንጉ ያለውን ርቀት ግሪፊትስ «ኤስ» ይለዋል፤ ሄይትና ሳዲኩ «ሮ» ይሉታል። በግሪፊትስ ደግሞ «ሮ» የቻርጅ ጥግግት ነው። የኔጌቲቭ አንድን ስኩዌር ሩት የፊዚክሱ መጽሐፍ «አይ» በሚልበት የኢንጂነሪንጎቹ «ጄ» ይላሉ፤ ሞገድን በሚገልጸው ቀመር ውስጥ ጊዜን የያዘው ኤክስፖነንት ላይም የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ይገለበጣል። ይህን ሳያውቅ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ እያቀያየረ የሚያነብ ተማሪ፣ ትክክል የሠራውን ስህተት መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም ያድራል። ጋሼ ልዩነቶቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው መጽሐፉ ሽፋን ውስጥ አስገቡልኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ ከዚያ አልወጣም።

የያዝኩት ቅጂ ፎቶ ኮፒ ስለነበር ከመክፈሌ በፊት ገጽ በገጽ አገላበጡት። ስሚዝ ቻርቱ ያለበት ገጽ ደብዝዞ ክቦቹ ስለማይለዩ ከጀርባ ሌላ ቅጂ አውጥተው ቀየሩልኝ። የቆየ እትም መግዛት ችግር እንደሌለው፣ ነገር ግን የጥያቄዎቹ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ መምህሩ ከሚጠቀምበት ጋር ማመሳከር እንዳለብኝም አስጠነቀቁኝ። የታዋቂውን የፊዚክስ ሊቅ የፋይንማንን ሌክቸሮች፣ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክስ የሚያወራውን ሁለተኛ ቅጽ ስጠይቃቸው ደግሞ «እሱ ካልቴክ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል፤ ገንዘብሽን አታውጪ» አሉኝ። ሊሸጡት የሚችሉት ቅጂ እኮ ከኋላቸው ተቀምጧል!

የፊዚክስ ተማሪ የሆነች ጓደኛዬን ስወስድላቸው ያለ ማመንታት የሰጧት ግሪፊትስን ነው። ሌላውን የፊዚክስ ተማሪዎች የኤሌክትሪክና ማግኔት መጽሐፍ፣ የፐርሴልን፣ ስታነሳ ደግሞ እትሙን እንድታይ ነገሯት። የ1965ቱ የተጻፈው በጋውስ መለኪያ (ቀመሮቹን በሌላ መልክ በሚያስቀምጥ የአሃዶች ሥርዓት) ስለሆነ ክፍል ውስጥ ከምትማራቸው ቀመሮች ጋር አይገጥምም፤ የ2013ቱ ሦስተኛ እትም ግን ወደ ዓለም አቀፉ መለኪያ ተቀይሯል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ኮርሱን የምትጀምሩ ተማሪዎች፣ ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ መጽሐፍ ከዘረጉት መካከል ጋሼን ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያውቃቸው የለም። ጠዋት ብትሄዱ ረጋ ብለው ያነጋግሯችኋል። የኮርሱን ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። አንብባችሁ የጨረሳችሁት በንጽህና የተያዘ መጽሐፍ ካለም ከእናንተ ይገዙታል።