ለቀዥቃዣ ልጅ የሚሆን ካፌ

የአምስት ዓመቱ ልጄ ቀዥቃዣ ነው። ሶፋ ላይ ይወጣል፣ ከሶፋው መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል። ካፌ ይዤው ስገባ አስተናጋጆች ብርጭቆ ማንሳት ይጀምራሉ። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጃምፒንግ ያለው ካፌ ተከፈተ ሲሉኝ ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው ሄድኩ።

መረቡ ጠንካራ ነው፣ የተቀደደ ቦታ አላየሁም። ጫማ አስወልቀው ነው የሚያስገቡት። ጠባቂዋ ግን ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ከትንንሾቹ ጋር ሲዘል ዝም አለችው። አደጋው ደግሞ እሱ ነው፤ ትልቁ ሲያርፍ ትንሹ ይወነጨፋል። የእኔው ልጅ ሁለቴ በጀርባው ወደቀ። ተነስቼ «እህቴ፣ በየዕድሜያቸው አስገቢያቸው እንጂ» አልኳት። «እሺ እትዬ» ብላ ለየቻቸው። አኩርፋ ነው፣ ግን ለየቻቸው።

ማኪያቶው ጥሩ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ተዉት።

ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ልጄ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ «ድገሚልኝ!» አለ። ደገምኩለት። ዛሬስ በጊዜ ይተኛል ብዬ ነበር። የት አባቱ! እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ ሲሮጥ አመሸ።

እሑድ ፋሲል ግቢ ወሰድኩት። የዙሪያው ግንብ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ መሮጫ አያንስም። ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ሲበር ውሎ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

ካፌውን ለክረምት ይዤዋለሁ። ጃምፒንጉ ቆርቆሮ ስር ነው።