ሁለት ቀን ተኩል ያለ መብራት፣ ከላቀች ምድጃ ጋር

ሊጡ ኩፍ ብሎ ደርሷል። ምጣዱን ሰክቼ እስኪግል ስጠብቅ መብራት ሄደ። እስኪመጣ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ፤ ምድጃውም የኤሌክትሪክ ነው።

ለካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። መብራት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ፓምፑ ሲቆም ውሃ ወደ ላይ አይወጣም። ስልኬ በማግስቱ ጠዋት ዘጋ። ብሬ ያለው ደግሞ ስልኬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው ካሽ 70 ብር ብቻ ነበር። ደግነቱ ታች ያለው ባለሱቅ ያውቀኛል። ደብተሩን አውጥቶ ስሜን ጻፈና ሻማ፣ ዳቦና አንድ ፌስታል ከሰል ሰጠኝ። ዱቤ ድሮ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥም ሥራዬ ቆሞ ነበር። ግን ያኔ ወጥ ሠርተን በልተናል፣ ልጄንም አጥቤያለሁ። መብራት ሲጠፋ ይለያል። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ በደስታ አልቅሻለሁ፤ 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ግድቡ ሞልቶም የሰፈሬ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ቤቴ ጨለማ ነው።

ከሰሉን ይዤ ስወጣ ምድጃ የለኝም። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እማማ በረንዳቸው ላይ ያለውን ላቀች የሚባል ከሰል ቆጣቢ ምድጃ አዋሱኝ። መብራት እንደመጣ ሾላ ገበያ ሄጄ የራሴን በ450 ብር ገዛሁ። አሁን አምስት ወር ሆነኝ።

ላቀች አዲስ ነገር አይደለም። የኬንያውን የሸክላ ምድጃ መነሻ አድርጎ እዚሁ አገራችን የተሻሻለ ነው። ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱ በጎን እንዳይባክን ይይዘዋል። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲወዳደር 25 በመቶ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባልለታል። እኔ በሚዛን አልለካሁም። እናቴ ቤት ባለው የቆርቆሮ ምድጃ ግን ቡና ተፈልቶ እስኪያልቅ ሁለቴ ከሰል ይጨመራል። በዚህኛው አንዴ ከሞላሁ ከአቦል እስከ በረካ ያደርሰኛል። ሽሮ ደግሞ ሳያርር ቀስ ብሎ ይንተከተክበታል።

ስትገዙ ሸክላውን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። በደንብ የበሰለ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ሸክላውና ቆርቆሮው የተያያዙበትን ቦታም ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። እሳቱን በውሃ አታጥፉ። የእኔው ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀው ልጄ በጋለበት ውሃ ስላፈሰሰችበት ነው።

ትልቁ ጉድለቱ እንጀራ አለመጋገሩ ነው። ያ ሁሉ ሊጥ በሁለተኛው ቀን ኮመጠጠ። ጥቂቱን በመጥበሻ ትንንሽ አድርጌ ጋገርኩት፣ የቀረውን እያዘንኩ ደፋሁት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ስልክ ቻርጅ በሚያደርግ ትንሽ ሶላር የሚሞከር አይደለም። ለእንጀራ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚሠራው "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግን በእንጨት ስለሚነድ ፎቅ ቤት ውስጥ አይሆንም። የኮንዶሚኒየም የጋራ ማብሰያ ቤት የተሠራው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ የእኛው መጋዘን ሆኗል። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ይህን አነሳለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታንድዱ። ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም የሚገድለው ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ደግሞ ሽታ የለውም። ብርድ ነው ብላችሁ ወደ መኝታ ክፍል እንዳታስገቡት። እኔ የማነደው በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ከሰል ማለት ደግሞ የተቆረጠ ዛፍ ስለሆነ መብራት ሲጠፋና ለቅዳሜ ቡና ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ክብሪት መጫር እንኳ አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሳይቻት አላውቅም። ያሳዩዋት እማማ ናቸው። ደቃቁን ከሰል ከታች፣ ትልልቁን በላዩ እንደ ጎጆ አስደገፉ። ከላይ እፍ ስትል እጇን ያዙና ማራገቢያውን ወደ ታችኛው በር አዞሩት፤ "አየሩን በዚህ ነው የሚስበው ልጄ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የቡናውን ከሰል የምታያይዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ፓኮ ክብሪት ትጨርስ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ በቃት።