ኤንኬይ አርፒኤፍ1፣ 17 በ9፦ ቸርኬው ድንቅ፣ ስፋቱ ግን ያነጋግራል

ፍርዴን ላስቀድም። አርፒኤፍ1 ኤንኬይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ቀላል ቸርኬ ነው፤ 17 በ9 ማለት ዲያሜትሩ 17፣ ስፋቱ 9 ኢንች ነው ማለት ነው። ቸርኬውን ነገም ደግሜ እገዛዋለሁ። ስፋቱን ግን መኪናውን በየቀኑ ለሥራና ለቤት ለሚነዳ ሰው አልመክርም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለችው የመጀመሪያዋ ቶዮታ 86 ናት። ባለ 2 ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ክብደቷም ከ1,250 ኪሎ ግራም ብዙ የማይርቅ። ከፋብሪካ የወጣችው በ17 በ7 ቸርኬ ላይ 215/45 ሚሽሊን ፕራይመሲ ጎማ ተጫምታ ነው (215 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 45 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ)። ያው ዓይነት ጎማ ነዳጅ ቆጣቢ ለሆነችው ፕሪየስም ይገጠም ስለነበር ብዙ ሰው ይስቅባታል። ዋና መሐንዲሷ ቴትሱያ ታዳ ግን የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ጎማው ብዙ ስለማይጨብጥ መኪናዋ ገና በልከኛ ፍጥነት መንሸራተት ትጀምራለች፣ ነጂውም በጋዝና በመሪ ይጫወትባታል። ይህን ጨዋታ የሚወድ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሲያነብ ልብ ይበል።

እኔ የገጠምኩት 17 በ9 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሀል በሚሊ ሜትር የሚርቀው) +45 የሆነውን አርፒኤፍ1 ሲሆን፣ በላዩ 245/40 ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ጎማ አለበት። የኤንኬይ ሰዎች ይህን ቸርኬ መጀመሪያ አቅልጠው ያፈሱትና ከዚያ ዙሪያውን በሮለር እየተጫኑ ይስቡታል። የተሳበው ብረት ስለሚጠነክር ቀጭን ማድረግ ይቻላል። ውጤቱ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ባዶውን ቸርኬ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መዞር ይቻላል፣ ወደ 7 ኪሎ ግራም ነው። ከነጎማው በቤት ሚዛን ሳወጣው 17 ኪሎ ተኩል ገደማ አነበበ፣ የፋብሪካው ደግሞ 19 አካባቢ። ልብ በሉ፣ አዲሱ ጎማ ከድሮው ይከብዳል። ቸርኬው ግን የጎማውን ትርፍ ውጦ አሁንም ቀለለ። ሰፋ ያለ ቸርኬ ገዝቶ ክብደት መቀነስ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሚሊ ሜትሩ። ስፋቱ ሁለት ኢንች ሲጨምርና ኦፍሴቱ ከ+48 ወደ +45 ሲወርድ፣ የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል፣ ውጨኛው ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ሥሩት፤ ሻጩ «ይገባል» ቢላችሁም ሥሩት። ቁመቱ ግን አያስጨንቅም፦ 215/45 ወደ 625 ሚሊ ሜትር፣ 245/40 ወደ 628 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አላቸው። የፍጥነት መለኪያው ልዩነቱን አያውቀውም ማለት ይቻላል።

ኋላ ሰፊ ነው፣ ምንም አልነካም። ፊት ላይ ነው ነገሩ። በጎማውና በሾኩ መካከል የቀረው ክፍተት ትንሿ ጣቴን በግድ ያሳልፋል። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ የፓራፋንጎው ውስጥ ፕላስቲክ ይፋቃል። ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ፕላስቲኩን የያዘውን ክሊፕ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማሰር በቂ ሆኗል። ጎማው አስፋልቱን በትክክል እንዲረግጥ ፊት ላይ ካምበር (የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) መጨመር የሚፈልግ ግን መንገዱን ይምረጥ። ታች፣ ሾኩ ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት እምብርት) ጋር በሚታሰርበት ብሎን ካምበር ከተሰጠ የጎማው አናት ወደ ሾኩ ይዘነበላል፣ ያቺው ጠባብ ክፍተትም ትጠፋለች። ከላይ በሾኩ ራስ በኩል ከሆነ ሾኩና ጎማው አብረው ስለሚያዘነብሉ ክፍተቱ አይነካም። በዚህ ልኬት ላይ ምርጫው ሁለተኛው ብቻ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ሰፊ ጎማ ሁሉም ሰው «መሬት የሚነካው ቦታ ይጨምራል» ይላል። እንዲያ አይደለም። በአንድ ጎማ ላይ 310 ኪሎ ግራም ገደማ ይወድቃል፣ ጎማው በ35 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ተነፍቷል እንበል፤ ያን ክብደት ለመሸከም ከ130 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልራቀ ቦታ ይበቃዋል፣ ጠባብም ይሁን ሰፊ። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፦ ቦታው በወርድ ይሰፋል፣ በርዝመት ያጥራል። አጭርና ሰፊ ሲሆን ላስቲኩ በጎን ሲገፋ ያነሰ ስለሚጣመም ለመሪው ቶሎ ይመልሳል፣ ሙቀቱም ሰፋ ባለ ላስቲክ ላይ ስለሚከፋፈል ቶሎ አይዝልም። ጥቅሙ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጉዳቱም ከዚሁ ነው፤ ሰፊ ጎማ በዝናብ ጊዜ ከፊቱ የሚገፋው ውኃ ይበዛል። ውኃ በቋጠረ መንገድ ላይ 215ቱ በቀላሉ ሰንጥቆ ያልፍ የነበረበትን ቦታ አሁን መሪው ቀለል እያለኝ ነው የማልፈው፣ እግሬም ከጋዙ ይነሳል።

መንዳቱስ? ለውድድር በተዘጋ መንገድ ላይ ሌላ መኪና ሆናለች። ፍሬን ዘግይቼ እይዛለሁ፣ ወደ ኩርባ ስገባ አፍንጫዋ ወዲያው ትታዘዛለች፣ ድሮ ፊቷ ወደ ውጭ ይገፋበት የነበረው ረጅም ኩርባ ላይ አሁን ጋዝ እየጨመርኩ እወጣለሁ። ከብዙ ዙር በኋላም ጎማው አልሰለቸም። ግን 200 ፈረስ 245 ጎማን ለማንሸራተት አይበቃም። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ስሰጣት ኋላዋ በለስላሳው ዞር ትል ነበር፤ አሁን ጭብጥ አድርጋ ትሄዳለች፣ እንድትንሸራተት የሚጠይቀው ፍጥነትም ለመንገድ አይሆንም። ፈጣን ሆናለች፣ ተጫዋችነቷ ግን ቀንሷል። ታዳ ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል።

በተራ መንገድ ላይ ሁለት ነገር ተለውጧል። ከባድ መኪናዎች ባጎደጎዱት አስፋልት ላይ መሪው እንደ ግትር በቅሎ ወደ ቦዩ ይስባል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጠጠርም አለ፤ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ስለወጣ የሚያነሳው ጠጠር ሁሉ የበሩን ታች ይደበድባል፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለው ቀለም ከወዲሁ ነጥብ ነጥብ ብሏል። በሌላ በኩል ቅለቱ በየጉድጓዱ ይከፍላል። ጎማው ዘሎ ቶሎ ይመለሳል፣ ድሮ «ዱብ» ይል የነበረው አሁን «ጠብ» ነው። መኪናዋን ያሻሻላት ከስፋቱ ይልቅ ቅለቱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሚፈራ ሰው ደግሞ ይህን ይመልከት። 245 ጎማ 9 ኢንች ላይ ሲወጠር ወርዱ 253 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የቸርኬው ከንፈር ከዳር እስከ ዳር ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ጎማው ቸርኬውን አይሸፍነውም፤ ለማቆም ሲጠጉ ጠርዙን ቀድሞ የሚነካው ብረቱ ነው። መልኩ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ብቻ በቸርኬው ቀጫጭን እጆች መካከል የፋብሪካው ትንንሽ ፍሬኖች እርቃናቸውን ቀርተዋል።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ብዙዎች ስለሚበደሉ። የአርፒኤፍ1 መካከለኛ ቀዳዳ 73 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ86 ሞዞ ግን 56.1። ያን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ለብቻው ይገዛል። ቀለበቶቹን ለጎሚስታው በእጁ ሰጥቼው ነበር። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክሪክ አስገብቼ ጎማውን ስፈታ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ያለ ቀለበት ታስረዋል፣ ዳዶዎቹም በአየር መፍቻ እስኪያለቅሱ ጠብቀዋል። «ባላንሱ ነው» ብሎኝ ነበር፣ ባላንሱ ንጹሕ ነበር። ሾጣጣው ዳዶ ቸርኬውን መሀል ላይ ሊያመጣው ይችላል፣ ጎማው አየር ላይ ሆኖ ዳዶዎቹ ፊት ለፊት እየተቀያየሩ ቀስ በቀስ ከጠበቁ። አንዱን ወገን ቀድሞ በአየር መፍቻ የሚያስር ሰው እጅ ላይ ግን ቸርኬው ወደ አንድ ጎን ሸርተት ብሎ ይቀራል። ቀለበቶቹን አስገብቼ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች 120 ኒውተን ሜትር ሳስራቸው ንቅጥቃጡ ጠፋ። ከፕላስቲኩ ቀለበት የአሉሚኒየሙን ምረጡ፣ ውድድር ላይ የሚፈጠረው የፍሬን ሙቀት ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል።

መኪናዋን በዋናነት ለውድድር መንገድ ለሚያወጣት ሰው ይህ ልኬት ልክ ነው፣ ሳይሰጋ ይግጠም። ለሌላው ሰው ይኸው ቸርኬ በ8 ኢንች ስፋት ይሠራል፤ በላዩ 225/45 ቢገጠምበት ዲያሜትሩ ወደ 634 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ ቅለቱ ሳይጓደል ከሾኩም ከፓራፋንጎውም ጋር መጋፋት አይኖርም። የእኔ 9 ኢንቾች እስከ ጎማው እድሜ ይቆያሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደ 8 እወርዳለሁ። የፋብሪካዎቹን ቸርኬዎች ደግሞ አልሸጥኳቸውም፣ ክረምቱን በእነሱ ነው የምነዳው።