ዜሮ ዳውን ወይስ 3.5 በመቶ? በአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ቤት ለምትፈልጉ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ዋጋ አልቀመስ ሲል፣ ብዙ ሰው ዓይኑን የቼሳፒክን ድልድይ አሻግሮ ይጥላል። ወደ ሜሪላንድ ኢስተርን ሾር፣ ወይም ወደ ደላዌር ሰሴክስ ካውንቲ። (ባሕር ዳርቻ ስል አትላንቲክን ነው፤ የጣና ሰዎች አትቀየሙኝ።) እዚያ አካባቢ "ያለ ዳውን ፔይመንት (ያለ ቅድመ ክፍያ) ቤት ይገዛል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይገዛል። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም።

ብድሩ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስዲኤ፣ ዋስትና የሚሰጠው የገጠር ቤት ብድር ነው። ገጠር ሲባል ጎጆና ማሳ እንዳይመጣባችሁ። ከባሕሩ ብዙ የማይርቁ ትንንሽ ከተሞችም ብድሩ በሚፈቀድበት የዩኤስዲኤ ካርታ ውስጥ ይገባሉ። የመንገዱ ማዶ ደግሞ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የካውንቲውን ስም ሰምታችሁ አትደሰቱ፤ የቤቱን አድራሻ ራሱን ካርታው ላይ አስገብታችሁ እዩ። ቤቱም የምትኖሩበት መሆን አለበት። ለቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ወይም ለኪራይ አይሆንም።

የኛን ሰው የሚጥለው ግን የገቢ ጣሪያው ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ መብለጥ የለበትም። የሚቆጠረው ደግሞ የተበዳሪው ገቢ ብቻ አይደለም። በቤቱ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ይቆጠራል። አብሯችሁ የሚኖረው ወንድማችሁ ኡበር ይነዳል እንበል። ብድሩ ላይ ስሙ ባይኖርም ገቢው ይደመርባችኋል። ለልጆችና ለሕፃናት መዋያ የሚቀነስ ነገር አለ፤ እሱን ሎን ኦፊሰሩ (የአበዳሪው ሠራተኛ) አስልቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ሌላው አማራጭ ኤፍኤችኤ፣ ማለትም የፌደራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው ብድር፣ የወንድማችሁን ገቢ አይጠይቅም፤ የገቢ ጣሪያም የለውም። ክሬዲት ስኮራችሁ (የብድር አከፋፈል ታሪካችሁ ነጥብ) 580 ከሆነ 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይበቃል። ለእቁብተኞች ደስ የሚል ነገርም አለው። ደንቡ በማኅበር የተጠራቀመ ገንዘብን ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል። ግን መዝገብ ይፈልጋል። ማን ስንት እንደጣለ፣ እናንተ መቼ እንደወሰዳችሁ በጽሑፍ ካልታየ፣ ድንገት ባንክ የገባ ጥሬ ገንዘብ ጣጣ ነው።

በ300,000 ዶላር ቤት እናስላው። በዩኤስዲኤ ዳውን ፔይመንት የለም። የዋስትና ክፍያው 1 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ዶላር ነው፤ ብድሩ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ከዚያ በዓመት 0.35 በመቶ አለ፤ መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 88 ዶላር። በኤፍኤችኤ 10,500 ዶላር ከኪስ ይወጣል። አበዳሪውን የሚጠብቀው የብድር ኢንሹራንስ መነሻ ክፍያው 1.75 በመቶ ነው። በየወሩ የሚከፈለው ደግሞ ወደ 133 ዶላር ይጠጋል፤ ዳውን ፔይመንታችሁ ከ10 በመቶ ካነሰ እስከ ብድሩ መጨረሻ አይለቃችሁም። ክሬዲታችሁ ጥሩ ከሆነ የ3 በመቶውን ኮንቬንሽናል፣ ማለትም የመንግሥት ዋስትና የሌለውን ብድር፣ እዩ። የሱ ኢንሹራንስ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ጠይቃችሁ ልታስነሡት ትችላላችሁ። ተበዳሪው በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ከሆነ ግን ክርክሩ አበቃ። የቀድሞ ወታደሮች ብድር፣ ቪኤ፣ ዜሮ ዳውን ነው፤ ወርሃዊ የብድር ኢንሹራንስም የለውም።

እስካሁን ያለው የትም ቦታ የሚሠራ ሒሳብ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚለየው የቤት ኢንሹራንሱ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። ቤቱ የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ከሆነ በአራቱም ብድሮች የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። የፌደራሉ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት የሚሸፍነው እስከ 250,000 ዶላር ነው። በ1982 ሕግ በተከለሉ የባሕር ጠረፍ ቦታዎች ደግሞ በመንግሥት የሚደገፉት ብድሮች ጭራሽ አይገኙም።

እዚህ ላይ ዩኤስዲኤ ከሁለት በኩል ይጠብባችኋል። ከላይ የገቢ ጣሪያ አለ። ከታች ደግሞ የቤት ወጪያችሁ፣ ኢንሹራንሱን ጨምሮ፣ በመርህ ደረጃ ከገቢያችሁ 29 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ኤፍኤችኤ በዚህ ላላ ይላል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከባሕሩ ራቅ ላለ፣ ከጎርፍ ቀጠና ውጭ ለሆነ ቤት ዩኤስዲኤን፣ ለውሃው ለቀረበ ቤት ኤፍኤችኤን ወይም ኮንቬንሽናልን አስቀድማለሁ። ከሎን ኦፊሰሩም በፊት የምደውለው ለኢንሹራንስ ሰው ነው። የአውሎ ነፋስ ዲደክተብሉንም (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣውን) እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። 300,000 ዶላር ኢንሹራንስ በተገባለት ቤት 5 በመቶ ማለት ጣሪያው ሲነሣ 15,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው።