ቤታችን ሳያልቅ ገብተን ስንኖር አብሮን ለደከመው የሴራሚክ ባለሙያ

የኪራይ ውላችን ሲያበቃ አዲሱ ቤታችን ውስጥ ሰው ሊያድርበት የሚችለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ጣሪያው ተመትቷል፣ በርና መስኮቱ ገብቷል፣ መብራትና ውሃ አለ። ከዚያ ውጪ ወለሉ ሁሉ ሊሾ ነው፤ ሁለቱም መታጠቢያ ቤቶች ሴራሚክ አላዩም፤ የወጥ ቤቱ ልስን ገና እርጥብ ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት ማስቀመጫ ሆኗል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አስም ያለባት እናቴና የ3 ዓመት ልጃችን ዕቃችንን ይዘን እዚያች ክፍል ውስጥ ገባን። «ቤቱ እስኪያልቅ ትንሽ ብትታገሡ» ያለን ሰው ብዙ ነው። የምንታገሥበት ቦታ ግን አልነበረንም።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ በነበሩት 8 ሳምንታት የፊኒሺንግ ሥራውን የሠራልንን ሰው በሰው ፊት ለማመስገን ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላሰፍርም። ሥራ የሚይዘው በሰው በሰው ስለሆነ ለሚፈልግ በግል ብቻ እንድሰጥ ነግሮኛል፤ ቃሉን አከብራለሁ።

ከእሱ በፊት ያናገርናቸው ሁለት ባለሙያዎች ገና ከበር ሲገቡ ሜትር አውጥተው ካሬውን ለክተው ዋጋ ተናገሩ። እሱ መጀመሪያ ጠየቀ። ስንት ናችሁ? ሕፃኑ ቀን ላይ የሚተኛው ስንት ሰዓት ነው? የምታበስሉት የት ነው? የምትታጠቡትስ? ለካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለቱን መታጠቢያ ቤቶች አንድ ላይ ቢጀምር ለእሱ ይቀልለው ነበር፤ ሙጫው አንዴ ይበጠበጣል፣ ረዳቱም ሥራ አይፈታም። «ሁለቱንም ባንዴ ከያዝኩባችሁ የት ልትታጠቡ ነው?» አለና አንደኛውን ቧንቧውና በሩ ሳይቀር ጨርሶ ካስረከበን በኋላ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። በመካከሉ ያልተሠራው መታጠቢያ ቤት መሽተት ሲጀምር የፍሳሽ መስመሩ የተበላሸ መስሎን ደንግጠን ነበር። እሱ አንድ ባልዲ ውሃ በወለሉ ሲፎን አፈሰሰና ሽታው በዚያው ጠፋ። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሹን አየር የሚያግደው፤ ክፍሉን ካልተጠቀሙበት ውሃው ይደርቃል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ውሃ እንጨምርበት ነበር።

ከሁሉ በላይ ልመሰክርለት የምፈልገው ግን በአቧራው ጉዳይ ነው። ከእሱ በፊት ለግማሽ ቀን የሠራ ሌላ ሰው ነበር። ሴራሚኩን ኮሪደሩ ውስጥ በደረቁ በግራይንደር ሲቆርጥ ዋለ፤ ቤቱ በነጭ ደመና ተሞላ፤ እናቴ በዚያ ሌሊት መተንፈስ አቅቷት አነጋን። የሴራሚክና የሲሚንቶ አቧራ ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ማዕድን አለበት። ደቃቁ ዓይን ሳያየው ሳንባ ድረስ ይገባል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 (እ.ኤ.አ.) በሥራ ቦታ በትንፋሽ የሚገባውን የሲሊካ ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ አስገብቶታል። ይህን ያነበብኩት ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው።

እሱ ግን ማንም ሳይነግረው መቁረጫውን ግቢ አውጥቶ፣ ነፋሱ ከቤቱ ወደ ውጪ በሚነፍስበት በኩል ተከለው። የሚቆርጠው ውሃ እያፈሰሰ ነው። በምንኖርበት ክፍል በር ላይ ወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣበቀ፤ ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈ። ማታ ሲጠርግም መጀመሪያ ወለሉን ውሃ ይረጨዋል እንጂ ደረቁን አያቦንነውም። ጠዋት ሲመጣ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት «እማማ፣ ዛሬ ደረትዎ እንዴት አደረ?» ይላል። መልሷ ጥሩ ካልሆነ ያን ቀን መቁረጥ የሌለበትን ሥራ ይመርጣል። እናቴ ከዚያ ወዲያ አንድም ሌሊት አልታመመችም።

አሁን ይቅርታ የምጠይቅበትን ልናገር። መታጠቢያ ቤቱ ላይ የውሃ መከላከያውን ሁለት እጅ ቀባ፤ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ይዞ ወጣ። ከዚያ የፍሳሹን አፍ ደፍኖ ወለሉን ውሃ ሞላበትና የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመረ። «ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይነካው» አለ። በባልዲ እየታጠብን ሦስተኛ ሳምንታችን ነበርና አንጀቴ አረረ። በማግስቱ ውሃው ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ቧንቧው ከወለሉ በሚወጣበት ጥግ በኩል እየሰረገ ነበር። እዚያው ቆፍሮ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ቀባው፤ እስኪደርቅ ጠበቀና እንደገና ውሃ ሞልቶ ሌላ 24 ሰዓት። ያን ዕለት ጮኼበታለሁ። ሆን ብሎ ሥራ እያራዘመ ነውም ብያለሁ። እሱ የመለሰልኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እህቴ፣ ዛሬ ውሃ ነው የምናየው። ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ የምናየው የሳሎኑን ግድግዳ ሲሻግት ነው።» ጥጉ ከሳሎኑ ጋር የሚዋሰን ነው። ወንድሜ፣ ያን ቀን ስለተናገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ውሃው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ነጠፈው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ወደ ፍሳሹ እንዲያዘነብል በውሃ ልክ እየለካ። ሲጨርስ ልጃችንን ጠርቶ በኩባያ ውሃ ሰጠውና በሩ ጋ እንዲያፈስ አደረገው። ውሃው አንድም ቦታ ሳይቆም ሄዶ ፍሳሹ ውስጥ ገባ። ልጁ በሳቅ ፈረሰ፤ ኩባያውን እየሞላ አሥር ጊዜ አስደገመን።

አንድ ቀን ደግሞ ለዕቃ ግዢ ወጥቶ ሲመለስ ረዳቱ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ 11 ሴራሚክ አንጥፎ ጠበቀው። ለእኔ ዓይን አንድ እንከን የለበትም። እሱ ተንበርክኮ እያንዳንዱን በጣቱ አጥንት ቆርቆር አደረገና አራቱ የባዶ ድምፅ ሲሰጡ ሙጫው ሳይይዝ አነሳቸው። ረዳቱ ሙጫውን በጥርሳሙ ብረት ሙሉ በሙሉ በመዳመጥ ፋንታ አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርጎ ነበር ያስቀመጠው፤ እንዲህ ሲሆን ከሥሩ ባዶ ይቀራል፣ ከባድ ነገር የወደቀበት ቀን ይሰነጠቃል። ረዳቱን አልተቆጣውም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንዱን በእጁ አሠራው። ሲነሱ የተሰበሩትን ሁለቱን ከራሱ ገንዘብ ተካ።

በቀለሙም ባለውለታችን ነው፣ ሥራው ባይሆንም። ቀለም ቀቢው ወጥ ቤቱን ስቱኮ ሊያደርግ ሲዘጋጅ እሱ ላስቲክ ቆርጦ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን አጣብቆ አሳደረው። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ አውጥቷል፤ ግድግዳው አልደረቀም ማለት ነው። አዲስ ልስን ቀለም ለመሸከም አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ከተቀባ ያብጣል፣ ይላጣል። ጠበቅን። ወለል ላይ የዘረጋናቸውን የማራዘሚያ ገመዶች አይቶም ዝም አላለም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን 30 ሚሊአምፒር ያህል ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ መብራቱን የሚቆርጥ መከላከያ ኳድሮው (የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ) ላይ እስኪያስገባ ድረስ በእርጥብ ወለል ላይ አልሠራም አለ።

ለምትጠይቁኝ ሁሉ እውነቱን ልናገር። በ5 ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎ 8 ፈጅቶበታል፤ የበዛው ጊዜ የሄደው ለማድረቅና ዕቃ ለመጠበቅ ነው። ቀኑ ሊራዘም ሲል ግን አስቀድሞ ይነግራል እንጂ ሳይመጣ ቀርቶ አያስጠብቅም። ሥራ ላይ ሳለ ስልክ አያነሳም፣ ማታ ደውሉለት። የሚይዘው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ወረፋ አለው። በሳምንት እንዲያልቅላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ ራሱ አልችልም ይላችኋል። ቤታችሁ ውስጥ አዛውንት ወይም ሕፃን ይዛችሁ ሥራው የሚቀጥል ከሆነ ግን ወረፋውን ጠብቁት።

ትናንት የመጨረሻውን ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ሴራሚክ) ለጥፎ፣ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ ሲሊኮን አድርጎ ወጣ። የተረፉትን 7 ሴራሚኮች አልጣላቸውም። በሌላ ጊዜ የተመረተው ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል አንዱ ቢሰበር ከነዚህ እንድንተካ፣ የምርት ቁጥሩንና የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጽፎ ደረጃው ሥር አስቀመጠልን። የቀረን የውጪው ደረጃ ነው። ሊሾው ሲደርቅ ሊነጥፈው የሚመጣው እሱ ነው፤ እናቴ ከአሁኑ ቀኑን እየቆጠረች ነው።